የሲንቄ ሰባት ውድድሮች

ሲንቄ ቶኩማ በመኪና ውድድር ሜዳ ላይ የቆየችው ሁለት ሰመር ብቻ ነው። ሰባት ጊዜ ተወዳደረች፤ አንዴ አሸነፈች፤ ሁለት የጎድን አጥንቷ ተሰበረ፤ በእሷ ምክንያት የአንድ ሰው እግር ተቆረጠ። ከዚያ ቆመች። ይህን የምጽፈው አብሬያት በአንድ አፓርትመንት ስለኖርኩና ሰባቱንም ውድድር በዓይኔ ስላየሁ ነው። ስሜ ቢሊሴ ነው።

ሁለታችንም ሚኒያፖሊስ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እንነዳ ነበር። ሲንቄ ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ድምጿ ካልተጠጉ የማይሰማ። ከድርጅቱ ሾፌሮች ውስጥ እንደ እሷ ተጠንቅቆ የሚነዳ አልነበረም። በረዶ በጣለ ቀን ሁላችንም ገብተን ቁልፍ ከመለስን በኋላ ነው እሷ እየተንፏቀቀች የምትደርሰው። ሱፐርቫይዘሩ ሲነጫነጭባት፣ "ሃምሳ ሁለት ልጆች ናቸው የጫንኩት" ትለዋለች። ሌላ ቃል አትጨምርም።

ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆቹ 2017፣ ጁን ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለእኛ ሥራ የለም። የአውቶቡሶቹ መካኒክ ጋሽ ተካ የተክለሃይማኖት ሰፈር ልጅ ነው፤ ስልሳን አልፏል፤ ግን ጨዋታው የጎረምሳ ነው። አንድ እሑድ፣ "ቤት ተጎልታችሁ ከምትውሉ ኑ፣ እብዶች ላሳያችሁ" ብሎ በመኪናው ጫነን። ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል ነዳ። በበቆሎ ማሳ መካከል፣ ዙሪያው በሲሚንቶ ግንብ የታጠረ የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ አለ። መንገዱ የተሠራው በስምንት ቁጥር ቅርጽ ነው። መኪኖቹ ሲዞሩ መሃል ላይ መንገዳቸው ይቋረጣል። መብራት የለም፤ ቅድሚያ የሚሰጥ የለም። ከወዲህ የሚመጣውና ከወዲያ የሚመጣው እዚያች መስቀለኛ ላይ ወይ ይተላለፋሉ ወይ ይላተማሉ። ሰው ከፍሎ የሚገባው መላተሙን ለማየት ነው።

የዚያን ቀን አንድ ሰማያዊ መኪና መስቀለኛው ላይ ሲደርስ ሌላው ጎኑን መታው። ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። ሰማያዊው በጣራው ተገልብጦ፣ ጎማዎቹ ወደ ሰማይ እየተሽከረከሩ፣ አስፋልቱን እየፋቀ ሄደ። እኔ ፊቴን ሸፈንኩ። ዓይኔን ስገልጥ ሲንቄ ቆማለች።

"ፍሬን መያዝ አልነበረበትም" አለች።

"ማን?"

"ሰማያዊው። ነዳጅ ቢሰጥ ያልፍ ነበር።"

ስንመለስ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና በፊት ወንበሮቹ መካከል አንገቷን አስገባች። ከዚያ፣ "ጋሽ ተካ፣ ሴት ይፈቀድላታል?" አለችው።

እሱ ሳቀ። "ሄልሜት ያጠለቀ ሁሉ ይፈቀድለታል" አላት። ቀልድ ነበር የመሰለው። በማግስቱ ጠዋት ሴንት ፖል ወዳለው ቤቱ ሄዳ በሩን አንኳኳች።

ጋሽ ተካ ፖሊሶች አርጅቶባቸው የጣሉትን አንድ ትልቅ መኪና ከብረታ ብረት መጣያ አመጣ። መስታወቱን ሁሉ አወጣ፤ በሮቹን በየዳ ዘጋቸው፤ ጣራው እንዳይጨፈለቅ ውስጡን በወፍራም የብረት ቱቦ አሰረው፤ ቤንዚን ታንከሩን ከሥር ነቅሎ ከሾፌሩ ጀርባ በሰንሰለት ጠፈረው። ሲንቄ በመስኮት ዘልላ ነው የምትገባው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እጇ በግራሶ ጠቁሮ ይመጣል። ስትሠራ ታንጎራጉራለች፤ ያንን ከዚያ በፊት ሰምቼባት አላውቅም።

የመጀመሪያው ውድድር ጁላይ ላይ ነበር፤ አሥራ አራት መኪና፣ አሥራ አምስት ዙር። እዚያ ነው ሮይ ከሚባለው ሰውዬ ጋር የተገናኙት። ሮይ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንገቱ ከጭንቅላቱ ይወፍራል። ሜዳው ላይ ሃያ ዓመት ተወዳድሯል፤ ሜዳው የእሱ ነው ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ዙር ላይ ኩርባው ጋ ስትደርስ በጥቁር መኪናው አፍንጫ የኋላ ጎማዋን ነካ አደረጋት። ሦስት ጊዜ ተሽከረከረችና ሣሩ ላይ ወጣች። ሞተሩን አስነስታ እስክትመለስ ሁለት ዙር አለፋት፤ መጨረሻ ወጣች።

ሮይ ጓደኞቹን አስከትሎ መኪኖቹ ወደሚቆሙበት ግቢ መጣ። "ሃኒ፣ መንገድ ላይ ተኝተሽ ስላገኘሁሽ ነው፤ ይቅርታ" አላት። ጓደኞቹ አስካኩ።

ሲንቄ ሄልሜቷን አወለቀች። አፍንጫዋ እየደማ ነው። ደሙ ከንፈሯን አልፎ ጥርሷ ላይ ደርሷል፤ እሷ ግን ትስቃለች። ተደስታ ነበር። የደነገጥኩት ከደሙ ይልቅ በሳቋ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛው ሆነ። ሮይ ገና ከመነሻው አጠገቧ ሄደ። ሰባተኛው ዙር ላይ ቀጥታው መንገድ ጋ ሲደርሱ በጎኑ ተጠግቶ ግንቡ ላይ አጣበቃት። ከዳር እስከ ዳር፣ መቶ ሜትር ያህል፣ ግንቡ ላይ እየፈገፈገ ወሰዳት። የእሳት ብልጭታ በባዶው መስኮት እየገባ ሲረጭባት ይታየኛል። ግንቡ የሚያበቃበት ቦታ ላይ ወፍራም የብረት ምሰሶ አለ። ከመድረሱ በፊት ሮይ ለቀቃት፤ እሷ ግን ለመመለስ ጊዜ አልነበራትም። መኪናው ምሰሶው ላይ ተጠቀለለ። ሞተሩ ወደ ውስጥ ገባ፤ መሪው ደረቷን መታት።

አውጥተው ቃሬዛ ላይ ሲያስተኟት አፏ በደም ተሞልቷል። ምላሷን ነክሳው ኖሯል። ሆስፒታል ስንደርስ ሁለት የጎድን አጥንት መሰበሩን ነገሩን። ሐኪሟ እኔን ወደ ኮሪደር ጠርታ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ቤት ውስጥ የሚመታት ሰው አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። ደረቷና ክንዷ ላይ ያለው በለዝ አዲስም አሮጌም ነበር። የለም አልኳት። የምታምነኝ አልመሰለኝም።

ሲንቄ መናገር ስትችል መጀመሪያ የጠየቀችው፣ "ጋሽ ተካ መኪናው ይሠራል አለ?" የሚለውን ነው።

ጋሽ ተካ ሌላ መኪና አመጣ። የማን እልህ እንደነበር አላውቅም፤ የእሱም ሳይሆን አይቀርም። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ፣ አጥንቷ በቅጡ ሳይጠና፣ ደረቷን በሰፊ ጨርቅ ጠፍንጋ ሦስተኛውን ተወዳደረች። ሮይ ያን ቀን አልመጣም። ሲንቄ ግን የተማረችውን ሌሎቹ ላይ ሞከረችው። የአንዱን የኋላ ጎማ ልክ ሮይ እሷን እንዳደረጋት ነካ አደረገችው፤ መኪናው ሁለት ጊዜ ተገለባበጠ። ሰውዬው ወጥቶ እጁን እያወዛወዘ ለተመልካቹ ደህንነቱን አሳየ። እሷ ሦስተኛ ወጣች። ስንመለስ መኪና ውስጥ ጉልበቴን ይዛ፣ "ሲገለበጥ ድምፁን ሰማሽው?" አለችኝ። እኔ የሰማሁት የሰዎችን ጩኸት ነው።

የበረዶውን ክረምት እንደ ድሮዋ ሆነች። ልጆቿን ታደርሳለች፣ ትመልሳለች፣ ባዶውን አውቶቡስ እስከ መጨረሻው ወንበር እየዞረች የቀረ ልጅ መኖሩን ታያለች። አንዳንዴ ያቺ ሴትዮና ይቺ ሴትዮ አንድ ናቸው ወይ እላለሁ።

በ2018 ጁን አራተኛዋን አሸነፈች። አሸነፈች ስል ሮይን አሸነፈች ማለቴ ነው። የመጨረሻው ዙር ላይ ሁለቱ ከሁለት አቅጣጫ ወደ መስቀለኛው መጡ። ሁሉም ሰው ቆመ። ሮይ ፍሬን ያዘ። እሷ በአፍንጫው ፊት፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ክፍተት አለፈች። ሃያ ዓመት ሙሉ ሮይ እዚያ ቦታ ላይ ፍሬን ይዞ እንደማያውቅ በኋላ ሰማን።

ውድድሩ እንዳለቀ ሲንቄ ከመኪናዋ ሳትወጣ ሮይ መጣ። ገና በመስኮቱ ግማሽ አካሏን እንዳወጣች ኮሌታዋን ጨብጦ ጎተታትና አስፋልቱ ላይ ጣላት። "ልትገድይኝ ነበር! እብድ ነሽ!" እያለ ይጮሃል። እጁን ሊያነሳባት ነው ወይስ ሊያስነሳት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲንቄ ተነሥታ ሄልሜቷን ከራሷ አወለቀችና በሁለት እጇ ይዛ ፊቱን መታችው። አንዴ አይደለም። የመጀመሪያው ቅንድቡን ሰነጠቀው። ሁለተኛው ሲወድቅ ጆሮው ላይ አረፈ። ሦስተኛውን ከተንበረከከ በኋላ ነው የመታችው። ጋሽ ተካ ከኋላ ወገቧን አቅፎ እስኪያነሳት እግሯ አየር ላይ ይራገጥ ነበር።

ሁለቱንም ለአንድ ወር አገዷቸው። ተመልካቹ ግን አልረሳም። ሲመለሱ የደረጃው መቀመጫ ጢም ብሎ ሞልቷል። አምስተኛውና ስድስተኛው ውድድር ውድድር አልነበሩም። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ ሌሎቹ ይሸሿቸዋል። አንደኛ ማን እንደወጣ የጠየቀ አልነበረም። አምስተኛው ላይ ሮይ የራዲያተሯን ፊት ሰባበረው፤ ፍል ውሃው በመሪው ሥር ረጭቶ ሁለት ጭኗን አቃጠላት። ስድስተኛው ላይ እሷ ከኋላ ገፍታ ግንቡ ላይ ለጠፈችው፤ ለብዙ ቀን አንገቱን ማዞር እንዳቃተው ሰማን። ድምፅ ማጉያውን የያዘው ሰውዬ ስማቸውን ሲጠራ ሕዝቡ በእግሩ ብረቱን ይደልቃል።

ቤታችንም ውስጥ ነገር ተለወጠ። አንድ ጠዋት ጭኗ ላይ ያለውን የቁስል ፋሻ ስቀይርላት፣ "ይብቃሽ። ወደ ልጆቹ ልትመለሺ ሦስት ሳምንት ነው የቀረሽ፤ ይሄ ሰውዬ አንዱን ቀን ይገድልሻል" አልኳት።

"እኔስ?" አለች።

"አንቺስ ምን?"

"እኔስ ብገድለው?"

ቀልዷን መሰለኝና፣ "አንቺ አፈር ብዪ፣ አብደሻል" አልኳት። ዘልላ ተነሣችና በሁለት እጇ ገፍታ ከፍሪጁ ጋር አላተመችኝ። የራስ ቅሌ እጀታው ላይ ተመታ። ክንዷ ጉሮሮዬ ላይ ነው። ዓይኗን አየሁት፤ እኔን አያየኝም። ከዚያ ክንዷን አንስታ መሬት ላይ ቁጭ አለችና በኦሮምኛ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ደጋግማ፣ ደጋግማ። ይቅር አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የመኝታ ቤቴን በር ቆልፌ ነው የምተኛው።

ሰባተኛው በሌበር ዴይ ዋዜማ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰኞ የሠራተኞች በዓል ነው፤ ማክሰኞ ትምህርት ቤት ይከፈታል። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ አስፋልቱ ሬንጅ ያልባል። ከአሥራ አምስቱ ዙር አሥራ አንዱ አለፈ። ሮይ ቀድሟል፤ እሷ ግማሽ ዙር ያህል ኋላ ናት። በስምንት ቁጥር መንገድ ላይ ግማሽ ዙር ኋላ መሆን ማለት ደግሞ መስቀለኛው ላይ እኩል መድረስ ማለት ነው።

እኔ ከግንቡ ኋላ ከጋሽ ተካ ጎን ነበርኩ። ሮይ መስቀለኛው ውስጥ ገባ። ቀድሞ ነው የገባው። የመኪናው አፍንጫ አልፎ፣ በሩ መሃሉ ላይ ነበር። ሲንቄ ገና ሃያ ሜትር ያህል ይቀራታል። ጋሽ ተካ፣ "ያዢው! ያዢው! ፍሬን!" ብሎ ጮኸ። የሞተሯ ድምፅ አልቀነሰም። ጨመረ።

የሾፌሩን በር መሃል ለመሃል ነው የመታችው። ጥቁሩ መኪና ልክ እንደ ካርቶን ታጠፈ። ሁለቱ ተጣብቀው በጎናቸው ተንሸራተው ግንቡን መቱ። የሮይ በየዳ ተበጥሶ በሩ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የሲንቄ ሞተር እሱ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። ሕዝቡ መጀመሪያ አጨበጨበ። ከዚያ ከተጨፈለቀው ብረት ውስጥ የሰው ጩኸት ሲወጣ ጭብጨባው ከወዲያ ጫፍ እስከ ወዲህ ጫፍ ቀስ በቀስ ሞተ።

አርባ ደቂቃ ፈጀ። ብረቱን በትልቅ መቁረጫ እየቆረጡ ነው ያወጡት። የግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ከፔዳሎቹ ጋር ተቦክቷል። ሚስቱ ካረን ግንቡን ዘልላ ገብታ ሁለት ሰዎች ይዘዋታል፤ ስሙን ትጠራለች። ሄሊኮፕተር መጥቶ ወደ ሚኒያፖሊስ ወሰደው።

ሲንቄ አርባውን ደቂቃ ሙሉ ከመኪናዋ አልወጣችም። ክንዷ ከመቧጨሩ በቀር ምንም አልሆነችም። ከእሱ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ፣ ሄልሜቷን እንዳጠለቀች፣ ሲጮህ እየሰማች ተቀምጣለች። ሊያወጧት ሲሞክሩ ጣቶቿ ከመሪው አልላቀቅ አሉ።

የሮይ የዳሌ አጥንት ደቅቋል። እግሩን በማግስቱ ቆረጡት። የሜዳው ኃላፊዎች ቪዲዮውን አይተው፣ "የውድድር አደጋ ነው፤ ጥፋተኛ የለም" ብለው ጻፉ። ሰዉም፣ የሮይ የገዛ ጓደኞች ሳይቀሩ፣ "ሮይ ነው የቸኮለው፤ አርጅቷል፤ ርቀት መገመት አቅቶታል" አሉ። ጋሽ ተካ ያንን ወሬ ሲሰማ እንደ ምሥራች ለሲንቄ ነገራት።

እሷ ማክሰኞ ልጆቿን ጫነች። ረቡዕም ጫነች። በሦስተኛው ሳምንት ምግብ መብላት ተወች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ክፍሌን አንኳክታ ገባችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አይቼዋለሁ" አለችኝ። "ቀድሞኝ ገብቷል። ፍሬኑ ይሠራ ነበር። እግሬን ከነዳጁ ላይ ማንሳት ብቻ ነበረብኝ፤ ጊዜም ነበረኝ። አላነሳሁም።"

ያን ቀን ነው ስለ አባቷ የነገረችኝ። የሻሸመኔ ሰው ነበር፤ በሞያሌ መንገድ አይሱዙ ይነዳል። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ጋቢና ውስጥ አጠገቡ ተቀምጣ ሲሄዱ ቡሌ ሆራን አልፈው አንድ ሽማግሌ ገጨ። ሰዉ ወዲያው ከበባቸው። አባቷን ከጋቢናው ጎትተው አውርደው በዱላ ሲደበድቡት በመስታወቱ ታየው ነበር። አንድ ዓይኑ እዚያው ፈሰሰ። ፖሊስ ባይደርስ ይሞት ነበር። የፖሊሱ ወረቀት "ፍሬን እምቢ ብሎ" ይላል። አባቷ ታስሮ ሲወጣ ለጉማ ሽማግሌዎች ይዘውት ወደ ሟቹ ቤተሰብ ሄዱ። ጉማ ደም የፈሰሰባቸው ሰዎች የሚታረቁበት የእኛ ሥርዓት ነው፤ አጥፊው ያደረገውን ሳይሸሽግ መናገር አለበት። እዚያ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ "ፍሬኑ ደህና ነበር። ከሌላ አይሱዙ ጋር እየተሽቀዳደምኩ ነው የገጨሁት" አለ። የሟቹ ልጅ ሊገድለው ተነሥቶ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ያዙት። ከዚያ በኋላ ነው እርቁ የተጀመረው።

"እኔም መናገር አለብኝ" አለች ሲንቄ።

ጋሽ ተካ ሲሰማ እንደ እብድ ሆነ። "ልጄ፣ ይሄ አሜሪካ ነው! እዚህ አገር አጥፍቻለሁ አይባልም! ጠበቃ ይዘው ይበሉሻል። ወኅኒ ትወርጃለሽ። ሥራሽስ?" አላት።

"ጋሽ ተካ፣ አንተ አብረኸኝ ብትሄድ ደስ ይለኛል። ብቻዬን አይኬድም፤ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ባትመጣም ግን እሄዳለሁ።"

ተሳደበ፤ መፍቻውን ወረወረ። የምንሄድበት ቅዳሜ ጠዋት ግን ክራቫት አስሮ መጣ።

ኦክቶበር አጋማሽ ነበር። በቆሎው ታጭዷል። የሮይ ቤት ከሜዳው አቅራቢያ ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። በሩን የከፈተችው ካረን ናት። ሲንቄን ስታያት ፊቷ ነጣ። ሲንቄ እዚያው በረንዳው ላይ ቆማ፣ "ባልሽን ሆን ብዬ ነው የገጨሁት። ይህን ልነግራችሁ መጣሁ" አለቻት።

ካረን በጥፊ መታቻት። ሲንቄ አልተንቀሳቀሰችም፤ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራለች። ካረን ሁለተኛ በቡጢ መታቻት፤ ከንፈሯ ተተረተረ። ሦስተኛ ፀጉሯን ይዛ ከበሩ መቃን ጋር አላተመቻት። እኔ ልገባ ስል ጋሽ ተካ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። "ተያት" አለኝ። እንባው እየወረደ ነው።

"ካረን!" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። "አስገቢያት።"

ሮይ ሳሎን ውስጥ በተዘረጋ የሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። ግማሽ ሰው ሆኗል። ብርድ ልብሱ በግራ በኩል ከጉልበቱ በታች ጠፍጣፋ ነው። ሲንቄ አጠገቡ ቆመች፤ ደሟ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል።

"አይተሽኝ ነበር?" አላት።

"አይቼህ ነበር።"

"ቀድሜ ገብቼ ነበር?"

"ቀድመህ ገብተህ ነበር። ጥፋት አልነበረብህም።"

"ፍሬንሽ?"

"ይሠራ ነበር።"

የአልጋውን ብረት ጨበጠ። "ሁለት እግር ቢኖረኝ ኖሮ አሁን ተነሥቼ አንቅሽ ነበር" አላት። "ውጪልኝ ከቤቴ።"

ወጣን። ካረን ገና መኪናችን ሳይነሳ ስልክ ይዛ ለካውንቲው ሸሪፍ፣ ለአካባቢው ፖሊስ አዛዥ፣ ስትናገር በመስኮቱ ይታየን ነበር።

ሁለት ፖሊሶች ሰኞ መጡ። ሲንቄ ለሮይ የነገረችውን ቃል በቃል ነገረቻቸው፤ ፈረመች። ድርጅቱ ያንኑ ሳምንት የአውቶቡሱን ቁልፍ ተቀበላት። ምንም አልተከራከረችም። "እኔም ብሆን እንደኔ ላለች ሴት ልጆቼን አልሰጥም ነበር" ነው ያለችኝ። ሜዳው ዕድሜ ልኳን አገዳት። አቃቤ ሕጉ ሦስት ወር ነገሩን ይዞት ቆየ። በእነዚያ ወራት የበር ደወል በተደወለ ቁጥር ካፖርቷን ለብሳ ነው የምትከፍተው፤ ሊወስዷት የመጡ ከሆነ እንዳይበርዳት። ጃንዋሪ ላይ ደብዳቤ መጣ። ውድድር ላይ የሆነን ነገር ወንጀል ብሎ ለማስረዳት ይከብዳል፤ ክስ አንመሠርትም ይላል። አንብባው አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ደስ ያላት አልመሰለኝም።

ኤደን ፕሬሪ በሚገኝ ዌርሃውስ፣ ትልቅ መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶን የማሸግ ሥራ አገኘች። ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና ንጂ ሲሏት እምቢ አለች። መኪናዋን ሸጠች፤ በአውቶቡስ ሁለት ጊዜ ቀይራ ነው የምትሄደው። ጋሽ ተካ ለብዙ ጊዜ አኮረፋት፤ በኋላ ራሱ ምግብ ይዞ እየመጣ ይጠይቃት ጀመር። ስለ ውድድር ግን አንድም ቀን አያነሱም። እኔም የመኝታ ቤቴን በር መቆለፍ ተውኩ። መቼ እንደተውኩ አላስታውስም።

ኤፕሪል 2019፣ አንድ እሑድ ጠዋት ልብስ እያጠፍን ሳለ ስልኳ ጮኸ። ቁጥሩን አላወቀችውም። ስታነሳው ቀጥ ብላ ቆመች። እኔ የሰማሁት የእሷን ብቻ ነው። "አዎ... አዎ፣ እኔ ነኝ..." ከዚያ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አዳመጠች። "አውቃለሁ" አለች። "አይ፣ ይቅርታ አልጠበቅሁም።" ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

"ሮይ ነው" አለችኝ።

"ምን አለሽ?"

ያጠፈችውን ፎጣ ፈታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። "ይቅር አላለኝም። ይቅር ሊለኝ እንደማይችል ሊነግረኝ ነው የደወለው። ግን ሆስፒታል እያለ ወንድሙ ሳይቀር 'አንተ ነህ የቸኮልከው' ይለው ነበር። እሱም አመነ። ሌሊት ሌሊት በሐሳቡ ያንኑ መስቀለኛ ይገባ ነበር፤ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ይፈልጋል፤ ያጣዋል። እኔ ከተናገርኩ ወዲህ ማንም እንደዚያ አይለውም። ወንድሙም ይቅርታ ጠየቀው።"

"ከዚያስ?"

"በቃ። 'አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል' አለኝ። ዘጋው።"

እንባዋ ፎጣው ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ አላበሰችውም። ልብሱን አጥፈን ጨረስን። ከዚያ ካፖርቷን ደርባ ወደ ሥራ ወጣች።